በእህቴ ስልክ ያልተነበበው ማስታወቂያ

ወንድሜ የሠራው ድረ ገጽ አለቀ የሚባለው እህታችን በስልኳ አይታው ይሁን ስትል ብቻ ነበር። እኛ ቢቸና ነን፤ እሷ ያገባችው ሞጣ ነው። ስልኳ አሮጌ ነው። ስክሪኑ ከመዳፍ ያንሳል፣ አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል፣ ከባድ ገጽ ሲመጣበት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፓኬጅ እንዳይበላባት ብላ ብራውዘሩ ፎቶ እንዳያወርድ ዘግታዋለች፤ የሚመጣላት ጽሑፍ ብቻ ነው። ባሏ አዲስ ስልክ ሊገዛላት ሲያስብ ወንድሜ ደውሎ አስተወው።

«እሱን ስልክ ከጣልሽው እኔም ሥራዬን እጥላለሁ» አላት።

«ደመወዝ የሌለኝ ሠራተኛህ ሆንኩ ማለት ነው?»

«አለቃዬ ነሽ እንጂ። አንቺ እሺ ካላልሽ ማን ይረከበኛል?»

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳላመጣ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሥራ ስፈታ ከጎኑ ወንበር ስቤ ማየት ጀመርኩ። አስተማረኝ ለማለት ይከብደኛል። እሱ ይሠራል፣ እኔ አያለሁ፤ አንዳንዴ «እስቲ ይቺን አንተ ጻፋት» ይለኛል። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ፣ የእሱ ስልክና የእኔ ስልክ ይደረደራሉ። አንዱን ገጽ በሦስት ዓይነት ብራውዘር ይከፍተዋል። በአንዱ በቦታው የቆመው ርዕስ በሌላው ወርዶ ፎቶው ላይ ይተኛል። ይሄኔ እኔ «አብዛኛው ሰው በዚህኛው ነው የሚከፍተው፣ ተወው» እላለሁ። አይተወውም። አንዱን ብራውዘር ብቻ የሚያስደስት ዘዴ አይፈልግም ነበር። ሁሉም በተስማሙበት ደንብ ይጽፋል፤ ርዕሱን በርዕስ ምልክት፣ አንቀጹን በአንቀጽ ምልክት፣ ዝርዝሩን በዝርዝር ምልክት። ስፋቱን በቁጥር አይቸነክረውም፤ ስክሪኑ ሲጠብ ገጹም አብሮ እንዲጠብ ያደርገዋል። ሲጨርስ ደግሞ ኮድ እያነበበ ስሕተት የሚለቅም አንድ ገጽ አለ፣ እዚያ ያስገባዋል። ስሕተቱ በቀይ መስመር ይወጣል። ቀዩ እስኪጠፋ ምሳ ቀርቦ ይቀዘቅዛል።

«ማን ያየዋል ይሄን?» አልኩት አንድ ቀን ተሰላችቼ።

«ማን እንደሚያየው አላውቅማ። ለዚያ ነው» አለኝ።

ፎቶ ሲያስገባ ፎቶው ላይ ያለውን በአንድ መስመር በጽሑፍ ይገልጸዋል። ፎቶው የመጣለት ሰው ያንን መስመር አያየውም። ያልመጣለት ሰው ግን በፎቶው ፋንታ እሱን ያነባል። እህቴ ወንድሜ ከሠራቸው ገጾች ላይ አንድም ፎቶ አይታ አታውቅም፤ ግን ሁሉንም ታውቃቸዋለች። የአንዱ ማር ነጋዴ ቀፎ ስንት እንደሆነ፣ የአንዱ ትምህርት ቤት በር ምን ቀለም እንደተቀባ ትነግረኝ ነበር።

የሰፈራችን እድር ድረ ገጽ ይሠራልን ያለው ባለፈው ዓመት ነው። የአባላቱ ልጆች በየከተማው ተበትነዋል፤ ጡሩምባው የሚሰማው ሰፈር ውስጥ ላለ ሰው ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔንም ወንድሜንም ሒሳብ አስተምረውናል። የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጽፈው አመጡልን። እንደ ድሮው ጽሕፈት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አድርገዋል፤ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አልተዉም። ሰው ሲያነበው ቃሉ የት እንዳለቀ ያያል። ብራውዘሩ ግን ባዶ ቦታ ካላገኘ መስመሩን አይሰብረውም። አንቀጹን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ ወደ ቀኝ ለቀቀው። አንቀጾቹ አጫጭር ስለሆኑ ላፕቶፑ ላይ አልታወቀንም። ያን ቀን ቸኩለን በራሳችን ስልክ ሳናየው ላክንላት።

ደወለች። «አንቀጽ ሦስት ከስልኬ ወጥቶ ጎረቤት ገብቷል። ልሂድና ላምጣው?»

ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ነገር ግን መምህሩን ነጥቡን ላጥፋው ብሎ አልጠየቃቸውም። እሳቸው ሁለት ነጥብ የሌለውን ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ አይቆጥሩትም። ከእያንዳንዱ ነጥብ በኋላ «እዚህ መሰበር ትችላለህ» የሚል ለዓይን የማይታይ ምልክት አስገባ። ግማሽ ቀን ፈጀበት። የእሳቸው ጽሑፍ እንደነበረ ሆኖ በእሷም ስልክ ልክ ሆነ።

ከዚያ ወንድሜ ታመመ። በአምስተኛው ቀን ሞተ። ስለ እነዚያ አምስት ቀናት ለመጻፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ልተወው።

እህቴ በዚያ ጊዜ አራስ ነበረች። ከወለደች ገና ስምንት ቀኗ ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ትንሽ ሆኜ ነው፤ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ሰው ሁሉ አራስ መርዶ አይነገራትም አለ። የወለደችው ሴት ስለሆነች ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው፤ ከክርስትናው በኋላ ሽማግሌዎች ሄደው በወጉ ይንገሯት ተባለ። ባሏ ለቀብር ሲመጣ ግንደወይን ለእህል ግዢ እሄዳለሁ ብሏት ነው የመጣው። ወንድማችን የት ሄደ ስትለኝ አዲስ አበባ ሥልጠና ገብቷል፣ ስልክ ማስገባት አይፈቀድም አልኳት። ይህንን ውሸት የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከቤታችን ስለ ሥልጠና የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ለዚያ ነው ያመነችኝ።

ውሸቱን ከጀመርኩ በኋላ በየቀኑ መቀለብ ነበረብኝ። ጠዋት ለቅሶ ደራሽ አስተናግዳለሁ፤ ከሰዓት ለእህቴ ስለ ሕፃኗ እጽፋለሁ። አንዳንዴ የሚስቅ ነገር እጽፍላታለሁ። ያን ያህል የሚያደክም ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አርባው ሲቃረብ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ተነሡ።

«ገጹን የሠራልን ልጃችን ነው» አሉ። «ሳይከፍተው ሄደ። በአርባው ዕለት እንከፍተዋለን። በዕረፍት ማስታወቂያው ላይ መጀመሪያ የሚወጣው የእሱ ይሆናል።»

ሴቶቹ አለቀሱ። አባቴ ተነሥተው እጅ ነሡ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። እጄን ላወጣ ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ አባቴ እያመሰገኑ፣ አይሆንም የሚል ቃል ከየት አመጣለሁ? ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ለአባቴ ነገርኳቸው።

«አባባ፣ እታለም ታየዋለች እኮ።»

«የት ሆና?»

«ሞጣ ሆና። በስልኳ።»

ቆም አሉ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ አይደል እንዴ ያለው? ኮምፒውተሩ ደግሞ ከኛ ቤት ነው ያለው።»

«ሲሠራ ነው እዚያ የነበረው። ከተከፈተ በኋላ አድራሻውን የያዘ ሁሉ ያየዋል። እሷ ደግሞ ለሙከራ ከላክንላት ጀምሮ አድራሻው አላት።»

«አራስ ከስልክ ጋር ምን አላት? ተወኝ በል» አሉኝ።

ደክሟቸው ነበር። እኔም ደክሞኝ ነበር። ተውኩት። ለዳኛው ልሂድና ልንገራቸው ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። ሰው ፊት የተናገሩትን መልሱ ማለት ነው። ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን አሁን ነው የማምነው። የወንድሜ ማስታወቂያ እንዲወጣ እኔም እፈልግ ነበር። በሠራው ገጽ ላይ ስሙ ቢወጣ የሚገባው ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያደርግልኝ መላ ፈለግኩ።

ማስታወቂያውን ጻፍኩ፤ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ዕድሜውን፣ ያረፈበትን ቀን። በገጹ ላይ ግን በጽሑፍ አላወጣሁትም። በከተማችን የሐዘን ማስታወቂያ እንደሚሠራው፣ ጥቁር መደብ ላይ ከፎቶውና ከተቀጣጠለ ሻማ ጋር አድርጌ አንድ ምስል አደረግኩት። የመግለጫውን መስመር ጭራሽ አልጻፍኩትም። የእህቴ ስልክ ፎቶ አያወርድም። ገጹን ብትከፍተውም ምንም አታነብም። ስሕተት ለቃሚው ገጽ ላይ ሳስገባው ቀይ መስመር ወጣ፤ ምስሉ መግለጫ የለውም ይላል። አውቃለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከወንድሜ ጋር ከተቀመጥኩ ጀምሮ ቀይ መስመር እያየሁ ሥራ ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአርባው ዕለት ገጹ ተከፈተ። በሁለተኛው ቀን ዳኛው ቤታችን መጡ። አልተቀመጡም።

«ደጀን ያለው ልጄ ከፍቶት ነበር» አሉኝ። «የጉንዳን እግር ነው ያየሁት አለኝ። ሊያሰፋው ሲል ደበዘዘበት። እኔም መነጽሬን አድርጌ አልቻልኩም።»

«አስተካክለዋለሁ መምህር።»

«ወንድምህ የኔን ሁለት ነጥብ ሳይነካ አንቀጹን በየስልኩ ልክ አድርጎ ያወጣ ልጅ ነው። አንተ ስትሠራው የእሱን ስም ማንበብ ያቅተን?»

«ይቅርታ መምህር።»

«ካላወቅህበት አልችልም በል። ነውር የለውም። ደብረ ማርቆስ የሚሠራ ሰው እናፈላልጋለን።»

እያወቅኩ ነው ያበላሸሁት ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እስከ በር ሸኘኋቸው።

ከሄዱ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩና በትክክል ሠራሁት። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ስሙን በርዕስ ምልክት፣ የቀረውን በአንቀጽ። ፎቶውን ለብቻው አስገብቼ መግለጫውን ጻፍኩ፤ «ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፈገግ ያለ ወጣት» የሚል። በሦስቱም ብራውዘር ከፈትኩት። በስልኬም ከፈትኩት። ፊደሉ ጎላ ብሎ፣ መስመሩ በየቦታው ተሰብሮ፣ ለማንም ይነበባል። ቀይ መስመር አልወጣም። ወንድሜ ቢያየው የሚያርመው የለም። ላክ የሚለው ቁልፍ ላይ ደርሼ ቆምኩ። እንደዚያ ደህና አድርጌ ሠርቼው፣ ደህና ስለሆነ ብቻ ልልከው አልቻልኩም። ላፕቶፑን ከደንኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እህቴ ደወለች።

«የእድሩን ገጽ ከፈትኩት» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

«የዕረፍት ማስታወቂያ ከሚለው ሥር ባዶ ሳጥን አለ። ምንድን ነው?»

«ፎቶ ነው።»

«ፎቶ መሆኑንማ አየሁ። የምን ፎቶ?»

«ለሙከራ የገባ ነው።»

«ማን ያስገባው?»

«እሱ ነው። ሳይሄድ።»

ከጀርባዋ ሕፃኗ ትነጫነጫለች፤ የአማቷ ድምፅ ያባብላታል።

«እሱ አይደለም» አለች። «እሱ ለእኔ ባዶ ሳጥን ልኮ አያውቅም። ከሥሩ ይጽፍልኛል።»

«ረስቶት ይሆናል እታለም።»

«እሱ? እሱ ነው የሚረሳው?» ድምፅዋ ቀጠነ። «ታሟል? ንገረኝ።»

«ሥልጠና ላይ ነው አልኩሽ እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ስትዋሽ አፍህ እንደሚደርቅ አውቃለሁ፤ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ያ ሳጥን የዕረፍት ማስታወቂያ ከሚለው ሥር ምን ይሠራል?»

ስልኩን ዘጋሁት። መልሳ ከደወለች ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ልላት አሰብኩ። አልደወለችም። ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፤ አልደወለችም። ያኔ ነው የገባኝ። አንብባ እንዳታውቅ ብዬ የደበቅኩት ነገር ባለመነበቡ ነገራት። በደንብ የተሠራ ገጽ ቢሆን ኖሮ ስሙን ታነብ ነበር። መጥፎ ስለሆነ ደግሞ የሠራው እሱ አለመሆኑን አነበበች። የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባቴ ጓሮ ነበሩ። «አባባ፣ እታለም አውቃለች» አልኳቸው።

«ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ መሰለኝ።»

አልተቆጡኝም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ነጠላዬን አምጣልኝ አሉኝ። ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሄዱ፤ ከዚያ ወደ ዳኛው። አራስም ብትሆን እየጠረጠረች ከምታድር በወጉ ይነገራት ተባለ። ምሳ ሳንበላ መኪና ያዝን፤ አባቴ፣ ቄሱ፣ ዳኛውና እኔ። ግንደወይን ላይ መኪና ቀየርን። ከዚያ ወዲያ ዳኛው ከጎኔ ተቀመጡ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእህቴን ስልክ፣ ምስሉን፣ ያልጻፍኩትን መስመር። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉኝ።

«ሰው ፊት ተናግረው ነበር መምህር።»

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እኔ የማትችል መስሎኝ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ክፉ ተናገርኩህ።»

ያን ቀን ሞጣ የባሏ ዘመዶች ቤት አረፍን። መርዶ ማልዶ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ሲነጋጋ ጎረቤቶቿንና የባሏን ዘመዶች አስከትለን ሄድን። ባሏ በሩን ከፈተልን። እህቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ባሏን አየሁት፤ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱ አልነገራትም። ቄሱ የጀመሩትን ቃል ሳይጨርሱ ቤቱ በልቅሶ ተሞላ። እሷ ግን በመጀመሪያ አላለቀሰችም። ከሰው ሁሉ መካከል እኔን ፈልጋ አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰው ቀለል ሲል አስጠራችኝ። ሕፃኗ ታፋዋ ላይ ተኝታለች።

«የትኛው ቀን ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስልኳን አንሥታ የተጻጻፍነውን ወደ ኋላ ትመልሰው ጀመር። ረጅም ነበር። ከቀብሩ በማግስቱ የጻፍኩላትን አገኘችው። ልጅቷ ትጠባለች ወይ ብዬ ነበር። እሷም መልሳለች፤ «እንደ አጎቷ ጠግባ አታውቅም፤ አንተን ማለቴ ነው» የሚል። ከሥሩ እኔ የላክሁት ሳቅ አለ። ድምፅ አውጥታ አነበበችው።

«በዚህ ቀን ስቄያለሁ» አለች። «እሱ አፈር ገብቶ እኔ ስቄያለሁ። አንተ ነህ ያሳቅከኝ።»

«አዎ» አልኩ።

«ሁሉም አውቀው እኔ ብቻዬን።»

«አዎ እታለም።»

ሕፃኗን ወደ ሌላው ታፋዋ አዛወረቻት። «ያ ሳጥን ውስጥ ምን ተጽፏል?»

ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ ነበር። ልከፍተው ስል እጄን ያዘችኝ። «በዚያ አይደለም። በዚህ» ብላ ስልኳን ዘረጋችልኝ። በትክክል የሠራሁትን ገጽ በዚያችው ቅጽበት ከላፕቶፑ ላክሁት። በስልኳ ለመከፈት ቆየ። መጀመሪያ ስሙ ወጣ፤ ሙሉው፣ ሳይቆረጥ። ከዚያ የቀረው። ፎቶው አልመጣም፤ በቦታው ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፈገግ ያለ ወጣት የሚለው ጽሑፍ ወጣ። እሱ ጋ ስትደርስ ነው ያለቀሰችው። በቄሱ ቃል እንደዚያ አላለቀሰችም።

ስትረጋጋ ስልኩን መልሳ ሰጠችኝ።

«አንብብልኝ» አለች።

«አነበብሽው እኮ።»

«ከቄሱ ሰማሁ፣ ከአባባ ሰማሁ፣ ከስልኩም አነበብኩ። ከአንተ አፍ አልሰማሁትም።»

እውነቷን ነው። ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ ጽፌአለሁ፣ ዋሽቻለሁ፣ ሰዎች ሲናገሩ ራሴን ነቅንቄያለሁ። ሞተ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ስልኩን ተቀበልኳት። ፊደሉ ጎላ ያለ ነው፤ የሚያስቸግር ነገር የለውም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ስሙ ላይ ቆምኩ። እሷ ሕፃኗን ይዛ ጠበቀችኝ። በሦስተኛው አነበብኩላት።